አልወርድም ያልኩበት ወንበር

እኔ ጭቅጭቅ የማልወድ ሰው ነኝ። ወረፋ ላይ አንዱ ሲቀድመኝ «ይቸኩል ይሆናል» ብዬ ወደ ኋላ የምል፣ ቢሮ ሄጄ «ነገ ና» ስባል ነገም ከነገ ወዲያም የምመላለስ ሰው ነበርኩ። ሰዎች «ሰይድ ትዕግሥተኛ ነው» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሽበቴ ከሞላ በኋላ ሳስበው ግን ከዚያ ትዕግሥት ግማሹ ፍርሃት ነበር። ይህን ያወቅሁት አንድ ቀን ጠዋት፣ በሰው አገር፣ መሬት ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ታገሡኝ።

ትውልዴ ባቲ ነው፤ ያደግሁት ግን የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ገዋኔ እየተዘዋወርኩ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ለመድኩና በመጨረሻ አዋሽ ላይ የራሴን ባትሪ ቤት ከፈትኩ። የሞተ ባትሪ ይመጣልኛል፤ አሲዱን አይቼ፣ አጥቤ፣ ሞልቼ እመልሳለሁ። አሲድ ያልበሳው ሱሪ ኖሮኝ አያውቅም። ሾፌሮቹ ስሜን ትተው «ሰይድ ባትሪ» ነው የሚሉኝ።

ባለቤቴ መዲና ከባትሪ ቤቱ አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት። ከጅቡቲ የሚመጣ ሾፌር የእሷን ሩዝ በፍየል ሥጋ ሳይበላ አዋሽን አያልፍም። ሠላሳ ዓመት እንጨት ጭስ ላይ ቆማ አበሰለች። ሠላሳ ዓመት የዋጠችው ጭስ በመጨረሻ ሳንባዋን ያዘው። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ቀጥሎ ከጓዳ እስከ በር መሄድ አቃታት፤ በኋላ ተቀምጣም መተንፈስ ከበዳት። የመስመሩ ሾፌሮች ተሰብስበው «እናታችን ናት» ብለው ህንድ ላኩን። ሐኪም ጋደም ብላ እንጂ ቁጭ ብላ መሄድ አትችልም ስላለ ትኬቱ ቢዝነስ ክላስ ሆነ። እንጂ እኔና ቢዝነስ ክላስ ምን አገናኘን!

እዚያ አንድ ወር ቆየን። ሐኪሙ በአስተርጓሚ የነገረን አጭር ነው፤ ሳንባዋ ወደ ድሮው አይመለስም፤ ከእንግዲህ ከአንድ ማሽን ጋር ትኖራለች። ማሽኑ የሴት ቦርሳ ያህላል፤ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። አየሩን ስቦ፣ አጣርቶ፣ በቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ውስጥ ይሰድድላታል። ሦስት ባትሪ ሰጡን፤ አንዱ ባትሪ አራት ሰዓት ያህል ይሠራል።

ሆስፒታሉ ሲለቀን መዲና እጄን ያዘችና፣

«የዘሀራ አባት፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ» አለችኝ። «እዚህ አገር ብሞት የሚያለቅስልኝ የለም፤ ስሜን እንኳ በቅጡ አይጠሩትም። አዋሽ አግባኝ።»

«ኢንሻአላህ አገባሻለሁ» አልኩ። ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ አውሮፕላኑ ውስጥ አስገቡን። ሦስቱም ባትሪዎች ሙሉ ነበሩ። ወንበሩን ባያችሁ! ቁልፍ ሲጫኑት ይዘረጋል፣ አልጋ ይሆናል። መዲና ጋደም አለችና «ሰይድ፣ የመኝታ ቤታችን አልጋ እንዲህ ቢሆን ቁርስ ባላበሰልኩልህ» አለች። እኔ ደግሞ ልማድ ነውና የኤሌክትሪክ ነገር ፍለጋ እጄን ከወንበሩ ሥር ሰደድኩ። ከክንድ ማስደገፊያው በታች ሶኬት አለ፤ አጠገቡ ሽምብራ የምታህል መብራት፤ አልበራችም።

አንዷን አስተናጋጅ ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ይሄ ሶኬት ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም አባባ፤ ከተነሣን በኋላ ነው የሚበራው። ስልክዎን ቻርጅ ሊያደርጉ ነው?»

«ኧረ እኔ ስልኬ ሦስት ቀን ይቆያል። ዝም ብዬ ነው» አልኳት።

ከዚያ ጭጋግ መጣ። ጭጋግ ስል የአምባሰልን ጭጋግ እንዳታስቡ፤ ይሄኛው ወተት ነው። በመስኮቱ የራሳችን ክንፍ አይታይም። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግማሽ ሰዓት አለ፤ አንድ ሰዓት አለ፤ ከዚያ ሰዓት መጥራቱን ተወ። እኛም ተቀመጥን። የመዲና ማሽን ትፍ… ትፍ… ይላል። እኔ ባትሪው ላይ ያሉትን አራት መብራቶች እያየሁ ነው። ሦስት ሆኑ። ሁለት ሆኑ። አንድ። አንደኛው ባትሪ ሞተ፤ ሁለተኛውን ተካሁ።

ጭጋጉ የተገፈፈው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ወዲያው የአስተናጋጆቹ አለቃ መጣች፤ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ንግግሯ የታረመ። አጠገባችን በርከክ ብላ፣

«አባባ፣ ለእማማ ስንት ባትሪ ቀረ?» አለችኝ።

«ሁለት። አንደኛውን አሁን ጀመርነው።»

«እንግዲህ ስምንት ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። በረራው ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ሕጉ ደግሞ የበረራው ጊዜ ከነግማሹ የሚሆን ባትሪ ይፈልጋል። አሥር ሰዓት ተኩል መሆን ነበረበት።»

«ስንገባ እኮ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሆን ነበረን፤ በር ላይ ቆጥራችሁ ነው ያስገባችሁን።»

«አውቃለሁ።»

«የበላው ጭጋጋችሁ ነው።»

«ጭጋጉ የእኛ አይደለም አባባ።»

«የእኔም አይደለም» አልኳት።

ፈገግ አለች፤ ግን ነገሯን አልተወችም። «ለእማማ ደኅንነት ነው። ነገ ሌላ በረራ አለ። ሆቴል እንሰጣችኋለን፣ ባትሪዎቹ ይሞላሉ። አሁን ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው እየመጡ ነው፤ ብትወርዱ ይሻላል።»

አፌ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «እሺ ልጄ» አለ። እግሬም ተነሣ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የለመደው ነገር ነዋ! ግማሽ ቆሜ ሳለሁ ጃኬቴ ከኋላ ተያዘ። መዲና ናት።

«የት ነው?» አለችኝ።

«ውረዱ እያሉን ነው መዲና። ነገ…»

«ነገም…» ትንፋሽ ወሰደች፤ «ነገም ጭጋግ ነው። ከነገ ወዲያም ጭጋግ ነው። ሰባት ቀን ሆቴል አስቀምጠው… ሬሳ ሊጭኑልህ ነው? ቃል አልሰጠኸኝም? ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። ወደ አለቃዋ ዞርኩና «አልወርድም» አልኩ። ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ጮክ አላልኩም፤ ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ወለሉ ላይ እንደ ብረት ተቀመጠ።

«አባባ…»

«ልጄ፣ አትቆጪ። አልወርድም። ይልቅ ይህችን ሶኬት አብሪልኝ።»

«መሬት ላይ አናበራውም። ቢበራም በሶኬቱ መተማመን አይፈቀድም፤ ሊጠፋ ይችላል።»

«ማብሪያው ማን እጅ ነው?»

«እኛ ጋ ነው።»

«እንግዲያው የምትጨነቂበት የለም፤ በእጃችሁ ነው።»

ከእኛ ማዶ አንድ ባለ ሱፍ ሰው ተቀምጧል፤ የአገራችን ሰው ነው። ከገባ ጀምሮ ስልኩን፣ ላፕቶፑን፣ የእጅ ሰዓቱንና የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ በገመድ አድርጎ ሶኬቱ እስኪበራ ይጠብቃል። ይኼኔ ቱግ አለ።

«ለአንድ ሰው ተብሎ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ይዘግይ? የመነሻ ተራችንን ልናጣ ነው! ይሄ እኮ መናኸሪያ አይደለም!»

መዲና ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ «መናኸሪያ ቢሆንማ… እስካሁን ደርሰን ነበር» አለች።

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ሴት ከት ብላ ሳቀች። በኋላ እንደነገረችን ሔለን ትባላለች፤ ልብስ እየጫነች አዲስ አበባ የምትነግድ ናት።

አለቃዋ ሄደች፤ ካፒቴኑን ይዛ ተመለሰች። ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ጉልበቱን አጥፎ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«አባቴ፣ ለመነሣት ተራችን ገና ሃያ ደቂቃ አለው። ሥራዎ ምን ነበር?»

«ባትሪ።»

«ባትሪ?»

«የከባድ መኪና ባትሪና ኤሌክትሪክ። አዋሽ።»

«እንግዲያው ያሳዩኝ። ሶኬቱ ማሽኑን ከቻለልኝ ከሐኪማችን ጋር በሬዲዮ ተነጋግሬ እወስናለሁ። ካልቻለ ግን ይወርዳሉ። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

አለቃዋ ወደ ጓዳቸው ሄደች፤ ያቺ ሽምብራ የምታህል መብራት አረንጓዴ ሆነች። የማሽኑን ገመድ አወጣሁ፣ ሰካሁ። መብራቷ ድርግም አለች፤ ጠፋች። ነቀልኩ፤ ጥቂት ቆይታ በራች። ደግሜ ሰካሁ፤ ጠፋች። ለሦስተኛ ጊዜ ሰካሁ፤ አሁንም ጠፋች። አንገቴ ሥር ላብ ሲወርድ ይሰማኛል። ባለ ሱፉ «በቃ፣ አለቀ» ብሎ እጁን አጨበጨበ።

«አዩ አባባ» አለች አለቃዋ፣ ሳትጨክን፤ «ለስልክና ለላፕቶፕ ነው የተሠራው። ከዚያ በላይ ሲስቡት ራሱን ያጠፋል።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ስሕተቴን ልንገራችሁ። የመንገዳችን ሰው ካልሆነ የማይሳሳተው ስሕተት ነው። መኪና ባትሪውን የሚሞላው ሞተሩ እየሠራ ነው። ዲናሞው ሲዞር ሞተሩም ይሄዳል፣ ባትሪውም ይጠጣል። ባትሪው የደከመ መኪና ደግሞ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ እንኳ መኪናው እየጮኸ ነው። ካጠፋኸው መልሶ የሚያስነሣህ ሰው እስኪመጣ በረሃው ላይ ቀረህ። እኔ በወጣትነቴ ሰርዶ ላይ በእኩለ ቀን እንዲህ ያለ ሞተር አጥፍቼ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠናል። ሾፌሩ «የሚሠራ ሞተር ሁለተኛ እንዳታጠፋ!» ያለኝ ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይህ ሕግ እጄ ውስጥ ገብቶ ነው የኖረው። ስለዚህ ማሽኑንም እንደ መኪና አየሁት፤ እየሠራ፣ ባትሪውን እንደያዘ ሰካሁት። ያቺ ትንሽ ሶኬት ግን ዲናሞ አይደለችም። ማሽኑ ይበላል፣ ባትሪው ይጠጣል፤ ሁለት አፍ በአንድ ጊዜ ጎረሰባት።

ይህን ሳስብ መፍትሔውም መጣልኝ። አንዱን አፍ መዝጋት ነው። ባትሪውን አውጥቶ ማሽኑ ብቻውን ከሶኬቱ እንዲበላ ማድረግ። ለዚህ ግን መጀመሪያ ማሽኑ መጥፋት አለበት። የሚሠራ ሞተር፣ የመዲና ሞተር፣ በእኔ እጅ።

«ምን አሰቡ?» አለኝ ካፒቴኑ።

ነገርኩት። አለቃዋ ፊቷ ተለወጠ። የአውሮፕላኑን የኦክስጅን ጠርሙስ አስመጣችና አጠገቧ አቆመች። «ይህን ከከፈትኩት ግን» አለች፣ «እማማ መብረር እንደማይችሉ ነው የምንቆጥረው። ይወርዳሉ።»

«ስንት ጊዜ ይወስዳል?» አለ ካፒቴኑ።

«ለመንቀል ቅጽበት ነው። ግን ተነሥቶ አየሩን እስኪያስተካክል ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ሆስፒታል አይቻለሁ።» ሁለት ደቂቃ ለእናንተ ምንም አይደለም። ሆስፒታል ያየሁት ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሯ ሲጠቁር ነው።

እጄን ማጥፊያው ላይ አስቀመጥኩ። መልሼ አነሣሁት።

መዲና አየችኝ። «አጥፋው» አለች።

«መዲና…»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ… ሾፌር ምሳ ሲበላ… ሞተር እየጮኸብኝ ኖርኩ። አንድ ጊዜ አጥፋውና… ጆሮዬ ይረፍ።»

«ቢስሚላህ» አልኩ። አጠፋሁት።

ያ ዝምታ! ከስንት ሳምንት በኋላ የማሽኑ ድምፅ ሲቆም የዓለም ድምፅ ሁሉ የቆመ መሰለኝ። ጣቷ ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሚያወጣውን ቁጥር አለቃዋ ትጠራለች፤ «ዘጠና አንድ… ሰማንያ ዘጠኝ…» የባትሪው መቆለፊያ አልከፈት አለ። ላብ ነው፤ ጣቴ አንሸራተተ። «ሰማንያ ስድስት…» በጃኬቴ ጫፍ ይዤ ሳብኩት፤ ወጣ። ገመዱን ሰካሁ። መብራቷን አየሁ። አረንጓዴ ናት፤ አልጠፋችም። ማሽኑን አበራሁ። ጢጥ አለ። ሞተሩ ጉር… ብሎ ተነሣ። መብራቷ አንዴ ድክም ያለች መሰለኝ፤ ቆመች። «ሰማንያ ሦስት…» አለቃዋ እጇን ጠርሙሱ ላይ አደረገች። መዲና በጣቷ «ቆዪ» አለቻት። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ጣቷ ግን አልወረደም።

«ሰማንያ ሦስት…» አለች አለቃዋ። ቆየች። «ሰማንያ ሦስት… ሰማንያ አምስት።»

ትፍ… ትፍ… ሲል ሰማሁት።

«ሰማንያ ስምንት… ዘጠና!» አለቃዋ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ደብቃ ጠረገችው። እኔ አልደበቅሁም። «አልሐምዱሊላህ» ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ካፒቴኑ አልቸኮለም። መብራቷን አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ አያት። ከዚያ «ጥሩ። የሞተውንስ ባትሪ?» አለኝ።

ሆስፒታሉ ለባትሪ ብቻ የሚሆን ሌላ ቻርጀር ሰጥቶናል። ግን የእኔና የመዲና ሶኬት ኃይል የሚያገኘው ከአንድ ሳጥን ነው አለች አለቃዋ፤ እዚያ ላይ ብጨምር እንደገና ሁለት አፍ ሊሆን ነው። ከሌላ ረድፍ ሶኬት ያስፈልጋል። ወደ ባለ ሱፉ ዞርኩ፤ ቅርቡ እሱ ነው።

«ወንድሜ፣ ከሶኬትህ ላይ ለጥቂት ሰዓት ታውሰኛለህ?»

«ከፍዬ የተቀመጥኩበት ነው» አለኝ፤ ገመዶቹን ሰብሰብ አድርጎ።

«እውነት ነው፤ ከፍለሃል። ግን ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ባትሪው ለሞተበት ሰው ኬብል ሳያቀብል የሚያልፍ ሾፌር የለም። ጠላቱም ቢሆን ቆሞ ያስነሣዋል፤ ከዚያ ይሰዳደባሉ።»

«እኔ ሾፌር አይደለሁም።»

«እሱን አይተናል» አለች ሔለን ከኋላ። «ጋሼ፣ አምጣው ወዲህ! የእኔ ስልክ ቢሞት የምትጨነቀው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ዛሬ ትረፍ።» ስልኳን ነቅላ ቻርጀሬን ሰካች። የሞተው ባትሪ ላይ አንዲት መብራት ብልጭ አለች።

ካፒቴኑ ሄዶ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። «እንሄዳለን» አለ። «ግን አባቴ፣ ባትሪዎቹ መሙላት አለባቸው። አንድ ነገር ከተበላሸ ቅርብ ያለው አገር አርፋለሁ፤ እዚያ አንጨቃጨቅም።»

«ከእርስዎ ጋር አልጨቃጨቅም» አልኩት።

ተነሣን። ምግብ በጨርቅ ላይ መጣ፤ የእኔንም መዲና በላችልኝ። እኔ ዓይኔ ከመብራቷ ላይ አልተነሣም። ባሕሩን ማቋረጥ ስንጀምር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠፋች። እጄ ባትሪው ላይ ስለነበር ወዲያው አስገባሁት፤ ማሽኑ ሊቆም ሲል ቀጠለ። የአለቃዋን መጥሪያ ተጫንኩ። መጣች፤ የጠፋውን መብራት አየች፤ እኔን አየች።

«ለካፒቴኑ መንገር አለብኝ» አለች።

«ንገሪው። ግን መጀመሪያ መልሰሽ አብሪው።»

ወደ ጓዳ ሄዳ አጥፍታ አበራችው፤ አረንጓዴዋ ተመለሰች፤ እኔም ሁለት አፍ እንዳይሆንባት ባትሪውን ወዲያው መልሼ አወጣሁ። ከዚያ ሄዳ ነገረችው። እኔ «ቢስሚላህ» እያልኩ መልሱን ስጠብቅ እሷ ከርቀት አውራ ጣቷን አሳየችኝ። የሞተው ባትሪ በሔለን ሶኬት ሞልቶ ነበርና ካፒቴኑ «ይቀጥሉ» ብሏል። ከዚያ ወዲያ አልጠፋም።

ስናርፍ ባለ ሱፉ ሻንጣውን አውርዶ አለፈን። አልተቀየምኩትም፤ ምርቃትም አልጨመርኩለትም። ሔለን መዲናን ግንባሯን ሳመቻት። ሾፌሮቹ ከበር ውጭ መኪና ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ የመኪናው ባትሪ አዲስ መሆኑን ሦስት ጊዜ ነገረኝ። መዲና በዚያው ቀን አዋሽ ገባች። የአዋሽ ትኩስ ነፋስ ፊቷን ሲመታት «አሁን እንደፈለገ ያድርገኝ» አለች።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ምን ለወጠብህ ካላችሁኝ፣ ብዙ። ሐኪም ለመመላለስ እንዲያመቸን ሰመራ ልጃችን ዘሀራ ጋ ገብተናል። መብራት ሲጠፋ «ምን ይደረግ» ብለን አንቀመጥም፤ የሁለት ከባድ መኪና ባትሪ፣ የባትሪን ኃይል ለቤት ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር አያይዤ ከመዲና አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ። ጎረቤትም ሲጨንቀው ይመጣል። ባትሪ ቤቴን የዘጋሁ ሰውዬ እንደገና ልብሴ በአሲድ ተበሳሳ። ዱብቲ ያለ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ማሽን ለአባቱ አምጥቶ «አልሠራ አለኝ» ቢለኝ ሄጄ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ባትሪውን።

ቢሮ ደግሞ አሁን «ነገ ና» ሲሉኝ «ለምን?» እላለሁ። ይህች ቃል ስድሳ ዓመት ሙሉ ምን አፍኗት እንደኖረ አላውቅም። መሳደብ አያስፈልግም፤ መጮኽም አያስፈልግም። ያቺ አለቃ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው። ሕጉም ክፉ ሕግ አይደለም። ግን ሕጉ መዲናን አያውቃትም፤ እኔ ነኝ የማውቃት። የማውቀውን ሳልናገር ብነሣ ኖሮ ጥፋቱ የሕጉ ሳይሆን የእኔ ነበር። እናንተም፣ በተለይ እንደ እኔ ብዙ ያልተማራችሁ፣ «አያውቁም» ሲሏችሁ የምታውቁትን አውጡና አሳዩ። የምታውቁት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን እንኳ እሱን አሳዩ። ደግሞ ስታሳዩ እጃችሁ የለመደው ሕግ ሊያሳስታችሁ እንደሚችል አትርሱ፤ እኔ ሦስት ጊዜ ሰክቼ ሦስት ጊዜ አዋርዶኛል።

ባለፈው ወር ለምርመራ ከሰመራ ወደ አዲስ አበባ ልንበር ሄድን። ይኼኛው ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ የሚዘረጋ ወንበርም ሶኬትም የለው። ወረፋው ረጅም፣ ሙቀቱ እሳት። መዲና በተሽከርካሪ ወንበሯ ሆና ማሽኗን ታቅፋለች። ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀታችንን ገላበጠ፤ ማሽኑን አየ፤ እኔን ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ። እኔም ሦስቱን ባትሪ ከቦርሳ አውጥቼ ልደረድርለት ስል መዲና ቀደመችኝ።

«እኔን ጠይቀኝ፤ የምተነፍሰው እኔ ነኝ» አለችው።

ልጁ ደነገጠ። «ይቅርታ እማማ። ባትሪው ይበቃዎታል ወይ ልል ነው።»

መዲና ከኋላችን የተደረደረውን ሰው ዞራ አየች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ለበረራው ይበቃኛል። ለወረፋችሁ ግን… እንጃ።»